ለዝሆን ክንፍ የሰጡ ሁለት ሰዎች

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ጥሬ እንቍላል ሰብረህ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ብታፈስሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ውሃው ይተንናል፤ ነጩ ግን ይረጋል፤ እሳቱን ብታበረታበትም ያርራል እንጂ ተንኖ አይበርም። ይህ ነጭ ነገር ከውሃው በቀር አብዛኛው ፕሮቲን ነው። ከማድ ቤት የምታገኘው ይህ ትንሽ ትምህርት የኬሚስትሪን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ያስጨነቀውን ችግር ያሳይሃል።

ሊቃውንቱ ሞሌኪውልን የሚመዝኑበት ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለ መሣሪያ አላቸው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጄ. ጄ. ቶምሰን በኬምብሪጅ መሠረቱን ከጣሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። በአንደኛው ዓይነት መሣሪያ የሚመዘነው ነገር ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ይለቀቃል፤ ቀላሉ ይፈጥናል፥ ከባዱ ይዘገያል፤ ከፍጥነቱም ክብደቱ ይታወቃል። ስለዚህ ለመመዘን አስቀድሞ መብረር ያስፈልጋል። ፕሮቲን ግን ሲያግሉት ይበላሻል፥ በኃይል ሲመቱት ይሰባበራል።

«ስብርባሪው ቢመዘንስ?» ትለኝ ይሆናል። ይህም ይደረጋል፤ ይጠቅማልም። ነገር ግን ከተቀደደ ደብዳቤ ላይ ቍራጭ መጥፋቱ የሚታወቀው የሙሉው ልክ ሲታወቅ ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከአራት ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ቤታ የሚባለው ሰንሰለት፥ ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም ክብደት ጋራ በሚቀራረብ መለኪያ፥ 15,867 ይመዝናል። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ባለበት ሰው ግን 15,837 ነው። ልዩነቱ 30 ብቻ፤ ከ500 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በዚህች ልዩነት የተነሣ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይጐብጣል፤ ቀጫጭኑን የደም ሥር ይዘጋል፤ ሕፃኑም በሕመም ይሠቃያል። ሰንሰለቱ ሳይሰበር ከበረረ ሚዛኑ ይህን ለይቶ ያሳያል።

እንግዲህ ማን አበረረው?

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በጃፓን አገር፥ በኪዮቶ ከተማ፥ ኮይቺ ታናካ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት በሺማዙ ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ያውም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና። ትልልቅ ሞሌኪውሎችን በላዘር ብርሃን ለማስነሣት በጣም የደቀቀ የኮባልት ዱቄት ይጠቀም ነበር። አንድ ቀን በአሴቶን ፈንታ ግሊሰሪን ጨመረበት። ስሕተቱን ወዲያው ዐወቀ፤ ዱቄቱ ውድ ስለ ሆነ ግን መጣሉን አልወደደም። ላዘሩን አበራበት፤ ከዚህ በፊት ያላየውን ምልክትም አየ። ከጓደኞቹ ጋራ ዘዴውን አሻሽሎ ፕሮቲኖች ሳይሰበሩ መመዘናቸውን በ1987 ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ።

በአሜሪካም ሰባ ዓመት ያለፋቸው የዬል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን ፌን በ1988 ሌላ መንገድ አሳዩ። ፕሮቲኑን በፈሳሽ አሟሙተው ብርቱ ኤሌክትሪክ በተሰጠው ቀጭን መርፌ ረጩት። ጠብታው እየተነነ ሲያልቅ ፕሮቲኑ ብዙ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ብቻውን ይቀራል። መሣሪያው የሚያነበው ክብደቱ ለተሸከመው ኤሌክትሪክ ሲካፈል የሚገኘውን ስለ ሆነ፥ ሃያ የተሸከመው ሃያ ጊዜ የቀለለ መስሎ ይታያል፤ እውነተኛው ክብደት በሒሳብ ይወጣል። ፌን ይህን ሥራ ለሞሌኪውል ዝሆኖች ክንፍ እንደ መስጠት ቈጥረውታል። በ2002 ሁለቱም የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት እኩሌታ ተካፈሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ስሕተት ሁሉ ሀብት ነው አልልህም። ታናካ የተሳሳተውን አልደበቀም፤ ተመለከተው፥ ደግሞም ሞከረው። ነገ በቤተ ሙከራም ሆነ በመዝገብ ቤት ስትሠራ ያልጠበቅኸው ነገር ቢወጣ፥ ከመደምሰስህ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከተው።