ጭሱ ከቤት ይውጣ

እስቲ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጣራውን ቀና ብላችሁ እዩት። ማገሩ ጠቁሯል። ሣሩም ጠቁሯል። በጣት ሲነኩት ጥላሸቱ ይለጠፋል። ይህ ጥላሸት ከየት መጣ? ከምድጃው ጭስ ነው። በጣራው ላይ የተለጠፈውን አየነው። በሳንባችን ውስጥ የተለጠፈውስ? እሱ አይታይም። ጉዳቱ ግን ይታያል።

ጭስ ምንድን ነው?

እንጨት ወይም ኩበት በደንብ ሳይነድ ሲቀር ይጨሳል። በጭስ ውስጥ መርዛም አየርና በጣም ደቃቅ ብናኝ አለ። ብናኙ ከዱቄት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአፍንጫ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይቀመጣል። ሳንባን ይጎዳል። በሽታ የመከላከል ኃይሉንም ያዳክማል።

ማንን ይጎዳል?

ሁሉንም ይጎዳል። ይበልጥ የሚጎዱት ግን እናቶችና ሕፃናት ናቸው። አባወራው እርሻ ላይ ሲውል ንጹሕ አየር ይተነፍሳል። እናት ግን እንጀራ ስትጋግር፣ ወጥ ስትሠራ፣ ቡና ስታፈላ ከጭሱ አትለይም። ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የዓይን ሞራ ያገኛታል። ሕፃኑም በጀርባዋ ታዝሏል። እሷ የምትስበውን ጭስ እሱም ይስባል። የሱ ሳንባ ገና ለጋ ነው። ጭስ በሞላበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

አንዳንዱ «ጭስ እኮ ጣራውን ከተባይ ይጠብቃል» ይላል። እውነት ነው፣ ይጠብቃል። ነገር ግን ሣር ሲያረጅ ይለወጣል። ሳንባ አይለወጥም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጨቱን እናድርቅ። እርጥብ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም። ክረምት ሳይገባ ቀጠን አድርጋችሁ ፍለጡት። ዝናብ የማይነካው ቦታ ደርድሩት።

ሁለተኛ፣ ለጭሱ መውጫ እንክፈት። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ፣ ከግድግዳው ጫፍ ላይ መስኮት ክፈቱለት። እሳት ሲነድ በሩም ይከፈት። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ ጭሱን ይዞ በሌላው ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ምድጃውን እናሻሽል። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳቱን ነፋስ ስለሚበትነው እንጨት ይፈጃል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ይሠራል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል እንጨቱን እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ጭሱን ግን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። መስኮቱ አይዘጋ።

አራተኛ፣ ሕፃኑን ከምድጃው እናርቅ። እናት ስትጋግር አባት ወይም ታላቅ ልጅ ውጭ ይያዘው።

አምስተኛ፣ የሚችል ማዕድ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ ይሥራ።

ከሰልስ?

ከሰል ብዙ አይጨስም ብላችሁ አትታለሉ። ፍሙ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ራስ ከታመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። ማታ ስትተኙ የከሰል ምድጃው ውጭ ይደር።

ሕፃን ሲያስለው ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ሥር ስርጉድ ካለ፣ ነገ አትበሉ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወገኖች፣ ግድግዳ መማገር የወንድ ሥራ ነው እንላለን አይደል? እንግዲያው መስኮቱን መክፈትም የአባወራው ድርሻ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ይህን ያነበበ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱ ያንብብለት። ካነበበለትም በኋላ መስኮቱን አብሮት ይክፈት።