ውሃው የሚከተለው ጥንታዊ ጠባሳ፦ የተቀበሩ የግጭት ጉድጓዶችና የከርሰ ምድር ውሃ

በሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ሰሜናዊ ክፍል ወንዝ የለም። ዝናብ አጥቶ አይደለም፤ የወረደው ሁሉ በተሰነጣጠቀው የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር ነው። የማያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ውሃ ሲቀዳ የኖረው የዋሻ ጣሪያ ተደርምሶ ከሚፈጠሩ፣ ሴኖቴ ከሚባሉ የስምጥ ጉድጓዶች ነው። ሴኖቴዎች በባሕረ ገቡ መሬት ብዙ ቦታ ተበታትነው ይገኛሉ። በሰሜን ምዕራብ በኩል ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ያሉት በካርታ ላይ ሲታዩ ከሴሌስቱን እስከ ድዚላም ዴ ብራቮ የሚዘልቅ፣ ሁለት ጫፉ ባሕር ላይ የሚያርፍ ግማሽ ክብ ሠርተዋል። የዚህ ቅስት ምንጭ ያለው ከእግር በታች በመቶዎች ሜትር በሚቆጠር ጥልቀት ነው።

የቺክሹሉብ ጉድጓድ እንዴት ተገኘ

ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስፋቱ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አስትሮይድ እዚህ ቦታ ወደቀ። ግጭቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ከፈተ፤ ዳይኖሰሮች ከጠፉበት ጥፋት ጋር የሚያያዘውም ይኸው ግጭት ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ዘመናት የባሕር ደለልና የኖራ ድንጋይ ጉድጓዱን ሸፈነው። ዛሬ ግማሹ በየብስ፣ ግማሹ በባሕር ሥር ተቀብሮ ይገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ፍንጮች የተገኙት ነዳጅ ሲፈለግ ነው። ለሜክሲኮ የነዳጅ ኩባንያ ለፔሜክስ ይሠሩ የነበሩት ግሌን ፔንፊልድ እና አንቶኒዮ ካማርጎ በመግነጢስና በስበት ልኬቶች ላይ ክብ ቅርጽ አይተው በ1981 ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። ግኝቱ በጊዜው ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1991 አለን ሂልደብራንድ ከእነሱና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር የጉድጓዱን ማስረጃ አሳተመ። በዚያው ዓመት ኬቨን ፖፕ፣ አድሪያና ኦካምፖ እና ቻርለስ ዱለር በሳተላይት ምስል ላይ ያዩትን የሴኖቴዎች ቅስት ከጉድጓዱ ጋር አያያዙት። በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተደረገው የራዳር ቅየሳ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሜትር ጥልቀትና 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቅስታማ ዝቅታ በምድሩ ገጽ ላይ አሳየ። ዝቅታው ከመሬት ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው በቀላሉ የሚለይ አይደለም።

ጉድጓዱ ውሃን የሚመራው እንዴት ነው

የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይንም ቀስ በቀስ ያሟሟል። በዩካታን ሌላም ነገር ይጨመራል። ጨው አልባው ውሃ ከሥሩ ካለው የባሕር ውሃ ላይ እንደ ዘይት ተንሳፍፎ ይኖራል። ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር፣ ለየብቻቸው ድንጋይ ማሟሟት ያቆሙ ውሃዎች እንኳ ሲቀላቀሉ እንደገና የማሟሟት አቅም ያገኛሉ። ጠላቂ ዋናተኞች ይህን ድንበር በዓይናቸው ያዩታል፤ እዚያ ሲደርሱ ብርሃኑ ይርገበገባል፣ ምስል ሁሉ ይደበዝዛል። ዛሬ በውሃ በተሞሉት ዋሻዎች ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ የኖራ ዘንጎችም አሉ። እነዚህ የሚፈጠሩት አየር ባለበት ብቻ ስለሆነ፣ በበረዶ ዘመን ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ጊዜ ዋሻዎቹ ደረቅ እንደነበሩ ይመሰክራሉ። ደግፎት የነበረው ውሃ ሲሸሽ ጣሪያው በየቦታው ተናደ።

ታዲያ ቅስቱ ለምን? በጉድጓዱ ውስጥ የተከማቸው ስብርባሪና በላዩ የተነጠፈው ደለል ከውጭ ካለው አለት ይልቅ ወፍራም ነው፤ በክብደትም የበለጠ ይጠቀጠቃል። ውስጡ ሲሰምጥ ውጭው ባለበት ስለሚቀር፣ በጠርዙ ላይ ያለው ወጣት የኖራ ድንጋይ ይሰነጠቃል። ውሃ ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል፣ ያሰፋዋል፣ በሰፋ ቁጥርም ብዙ ውሃ ይስባል። የእያንዳንዱ ምክንያት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አሁንም ያከራክራል፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ከደቡብ ወደ ባሕር የሚሄደው የከርሰ ምድር ውሃ ቅስቱ ጋ ሲደርስ አቅጣጫውን ቀይሮ በቅስቱ ይፈስሳል፤ በሁለቱ ጫፎችም በምንጭ መልክ ወደ ባሕር ይወጣል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሥር ዕድሜው 35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የግጭት ጉድጓድ ተቀብሯል። በአካባቢው ከባሕር ርቀው የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች ለምን ጨዋማ ውሃ እንደሚያወጡ ለአሥርት ዓመታት ያጠያይቅ ነበር። መልሱ በ1990ዎቹ የግጭት ጉድጓዱ ሲታወቅ ተገኘ፤ ግጭቱ ንጹሕ ውሃ የሚያስተላልፉትን ንብርብሮች ቆራርጦ በስብርባሪ ተክቷቸዋል። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እዚያ በጥልቀት የታሰረው ውሃ ከዛሬው ባሕር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው፤ ዕድሜውም ከ100 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል።

በአዮዋ የማንሰን ከተማ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። በ1912 የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ በዙሪያው ካለው ኖራ የበዛበት ውሃ በጣም የተለየ፣ ሳሙና በቀላሉ አረፋ የሚያወጣበት ውሃ ሰጠ። ምክንያቱ በበረዶ ግግር ደለል ሥር ተሸፍኖ የኖረ፣ ዕድሜው 74 ሚሊዮን ዓመት የሆነ የግጭት ጉድጓድ መሆኑ የተረጋገጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ለምን ሊያሳስበን ይገባል

ውሃን በፍጥነት የሚያስተላልፍ ስንጥቅ ቆሻሻንም በፍጥነት ያስተላልፋል። በዩካታን አፈሩ ስስ ነው፤ የሚያጣራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የጨው አልባውና የጨዋማው ውሃ ሚዛንም ስስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጨው አልባ ውሃ፣ ከሥር 40 ሜትር ያህል ጨው አልባ ውሃ ይገኛል። ስለዚህ የውሃው ወለል በ1 ሜትር ዝቅ ሲል ጨዋማው ከሥር በ40 ሜትር ሊነሳ ይችላል።

የዩካታን ግዛት በ2013 የሴኖቴዎቹን ቅስት የውሃ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ አወጀ። በዚሁ ስፍራ ውስጥ ያለችው የማያዎች መንደር ሆሙን ግን ወደ 49,000 አሳማዎች የሚይዝ እርባታ መጣባት። ነዋሪዎቹ ልጆቻቸውን ወክለው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ በ2021 የሜክሲኮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእርባታውን እገዳ አጸና። የሆሙን ሰዎች የተከራከሩት ለአንድ ሴኖቴ ብቻ አልነበረም፤ እዚያ የሰረገ ፍሳሽ በቅስቱ ተጉዞ የሌላው መንደር መጠጥ ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሕግ አውጪውም፣ ቆፋሪውም፣ ከተማ ቀያሹም ድንበራቸውን ከማስመራቸው በፊት ውሃው ራሱ ያሰመረውን ድንበር ማወቅ አለባቸው። በቺክሹሉብ ያ ድንበር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተሰምሯል፤ የሰው ሥራ እሱን አክብሮ መሥራት ነው።