ተረትና እውነታ፦ ስካን ከተደረገ ዋናው ይጣላል?

በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ባሉ ወገኖቻችን መካከል አንድ ምክር ይዞራል፦ «አገሩ ወረቀት ትቷል፤ ስካን አድርጊና ጣይው።» ይህን ሰምታ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ቤት ስትቀይር የጣለች እህት አውቃለሁ። ልጇን ልታስመጣ ስትነሳ ስልኳ ውስጥ የቀረው ምስል አልበቃትም።

ምክሩ ከመሬት አልተነሳም። ከሚያዝያ 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመኖሪያ ፈቃድ ፓስፖርት ላይ መለጠፉ ቀርቶ የኤምሬትስ መታወቂያ ተክቶታል። የ2006ቱ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕግ ጋብቻን፣ ፍቺንና ኑዛዜን ከኤሌክትሮኒክ ሰነድ ውጭ አድርጎ ነበር፤ እሱን የተካው የ2021ዱ ሕግ ቁጥር 46 ያንን ገደብ አንስቷል።

ሆኖም አዲሱ ሕግም ቢሆን በኤሌክትሮኒክ የተቀመጠን ሰነድ የሚቀበለው ይዘቱ ሳይለወጥ ከቆየና በተፈለገ ጊዜ መውጣት ከቻለ ነው፤ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተላከ የሚያሳይ መረጃ ካለም አብሮት መቀመጥ አለበት። በስልክ ተነስቶ በዋትሳፕ ከሰው ሰው የዞረ ፎቶ ይህን ማሳየት ይቸግረዋል። ደግሞም ከኢትዮጵያ የሚመጣ ወረቀት መጀመሪያ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ እዚያው ባለው የኤምሬትስ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም በኤምሬትስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ዋናው ከጠፋ በአቡ ዳቢው ኤምባሲያችን ውክልና ሰጥቶ፣ ዘመድ ወረዳ ለወረዳ አንከራትቶ ምትክ ማስወጣት፣ ከዚያም ማረጋገጫውን እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ነው። በወር አንድ ቀን እንኳ ለመውጣት ለምትለምን የቤት ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ «ጣይው» ባዮቹ አስበውት አያውቁም። ወጪውንም አይጋሯትም። እኔን የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው።

«ፊርማዬን ስካን አድርጌ ብለጥፈው ዲጂታል ፊርማ ይሆናል» የሚሉም አሉ። አይሆንም፤ የፊርማ ምስል ነው፣ ማንም ቀድቶ ሌላ ወረቀት ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። በዩኤኢ ፓስ (በኤምሬትስ መንግሥት የዲጂታል መታወቂያ መተግበሪያ) የተፈረመ ሰነድ ግን ከፈራሚው ማንነት ጋር የተሳሰረ ነው፤ በኋላ ከተነካካ ይታወቃል።

«ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ይቀመጥ፣ ለእኔ ስካኑ ይበቃኛል» የሚለውም ስህተት ነው። በ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 መሠረት ፓስፖርትና መታወቂያ የሚቀመጡት በሠራተኛዋ እጅ ነው። ስካኑም በስልክሽና በኢሜይልሽ ይኑር፤ ፓስፖርቱ ቢጠፋ ቁጥሩንና የወጣበትን ቀን ኤምባሲው ይጠይቅሻል።