የናፍጣ ሞተር ብልሽትና የዋስትና ጥገና
ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ማብራሪያ

እንደሚታወቀው፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ብዙ አጥቢያዎች ወፍጮ ቤቱም ሆነ የውኃ ጉድጓዱ የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ በቆመ ቀን እናቶች እህላቸውን በአህያና በጀርባቸው ጭነው ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳሉ፤ ሰበካ ጉባኤውም ለአገልጋዮች ደመወዝ ያሰበውን ገቢ ያጣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የናፍጣው ሥርዓት የሚበላሽበትን ምክንያት፣ የሻጩ ዋስትና የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን፣ ኮሚቴውም መብቱን የሚያስከብርበትን መንገድ እናብራራለን።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ያጋጠመን ነገር ነው። በአንድ አጥቢያ የተተከለ የወፍጮ ሞተር በሰባተኛው ወር ጉልበት አነሰው፤ ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረ፤ በመጨረሻም ቆመ። የአንድ ዓመት ዋስትና ነበረው። ኮሚቴው ግን ሥራው እንዳይስተጓጎል በማሰብ ሻጩን ሳያስታውቅ የአካባቢውን መካኒክ ጠራ። እርሱም የፖምፓውን ማኅተም ፈትቶ ከገበያ የተገዛ መለዋወጫ አስገባ። ሞተሩ ጥቂት ቀን ሠርቶ ዳግመኛ ቆመ። የሻጩ ባለሙያ በመጣ ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ ውኃ፣ በፖምፓው ውስጥ ዝገት አገኘ፤ ማኅተሙም መፈታቱን አየ። የዋስትና ጥያቄው ውድቅ ሆነ። እኛም ልንከራከር ስንሞክር የናፍጣ ግዢ ደረሰኝም ሆነ ማጣሪያ የተለወጠበት መዝገብ አላገኘንም። ወፍጮ ቤቱ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ተዘግቶ ቆየ፤ የጥገናው ወጪም ከአጥቢያው ካዝና ወጣ። ጥፋቱ የኮሚቴው ብቻ አልነበረም። ሞተሩን ስናስረክብ ስለ ቺንጋውና ስለ ወፍጮው ድንጋይ አሠልጥነን፣ ስለ ናፍጣ አያያዝ ግን አንዲት ቃል አልተናገርንም።

ናፍጣው ሞተሩን የሚጎዳው እንዴት ነው?

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ አምቆ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ውስጥ ናፍጣው እንደ ጉም ደቆ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ናፍጣውን ገፍተው የሚረጩት ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ናቸው። በተለመደው የወፍጮ ሞተር ኢንጀክተሩ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ በሆነ ግፊት ነው፤ ኮመን ሬይል በሚባለው አሠራር በተሠሩ አዳዲስ መኪኖች ግን ግፊቱ እስከ 2,000 ባር ሊደርስ ይችላል። በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ፣ ለዓይን የማይታይ አቧራ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ እንረዳለን።

የፖምፓውን የውስጥ ክፍሎች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃ ግን ብረቱን ያዝገዋል እንጂ አያለሰልሰውም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣም ቅባትነቱ ስለሚቀንስ ብረቱ እርስ በርሱ እንዲፋቅ ያደርጋል። ውኃ በዝናብ ብቻ የሚገባ አይምሰለን። ታንኩ ጎድሎ ባደረ ጊዜ በውስጡ ያለው አየር በደጋው ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ እርጥበቱ ጠል ሆኖ ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድም ከሥር ይዘቅጣል። ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ረቂቃን ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ማጣሪያውን የሚዘጋው ጥቁር አተላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዋስትናው የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ዋስትና በአጠቃላይ የሚሸፍነው የአሠራር ወይም የዕቃ ጥራት ጉድለትን ነው። በቆሻሻ ናፍጣ የደረሰ ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው የከፈተው ፖምፓና በአገልግሎት ብዛት የሚለወጥ ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከዋስትናው ውጭ ናቸው። ዘመኑም በወር ብቻ ላይቆጠር ይችላል፤ በውሉ ላይ የሥራ ሰዓት ተጨምሮ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ዋስትናውን ሊያበቃው ይችላል።

በተለይ የመነሻውን ቀን ማስተዋል ይገባል። ብዙ ጊዜ ዋስትናው መቆጠር የሚጀምረው ዕቃው ከተረከበበት ቀን ነው። የወፍጮ ቤቱ ግንባታ እስኪያልቅና ምረቃው እስኪደርስ ሞተሩ ተሸፍኖ ሲቀመጥ፣ ዋስትናው ሳይሠራበት ያልፋል። ስለዚህ ከግዢው በፊት ዋስትናው ሞተሩ ተተክሎ ሥራ ከጀመረበት ቀን እንዲቆጠር በውሉ ማስጻፍ ይጠቅማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ገዢው ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። መዘግየት መብትን ያሳጣል።

በየዕለቱ ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፣ ናፍጣ ደረሰኝ ከሚሰጥ ማደያ ይገዛ፤ ደረሰኙም ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ከተገዛው ናፍጣ አንድ ሊትር በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ተወስዶ ቀኑ ይጻፍበትና ታሽጎ ይቀመጥ። በማግስቱ ከሥሩ ውኃ ከዘቀጠ ወይም ናፍጣው ከደፈረሰ ወደ ሞተሩ አይግባ። ነጭ ጋዝ መቀላቀሉን ግን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ደረሰኙና ናሙናው የሚያስፈልጉት ስለዚህም ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ በርሜሉ ከተሞላ በኋላ አንድ ቀን ይረጋ፤ ሲቀዳም የቱቦው ጫፍ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። የዚንክ ልባጥ ያለበት ዕቃ ለናፍጣ አይስማማም።

አራተኛ፣ ታንኩ ማታ ከሥራ በኋላ ይሞላ። ከማጣሪያው ሥር ያለው የውኃ ማውጫ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ ተከፍቶ ይታይ።

አምስተኛ፣ ማጣሪያው በመመሪያው በተመለከተው ሰዓት ይለወጥ፤ ቀኑ፣ የሥራ ሰዓቱና የለወጠው ሰው ስም በመዝገብ ይስፈር።

ብልሽት ሲያጋጥም

ለመነሣት መቸገር፣ የጉልበት ማነስ፣ ያልተለመደ ነጭ ወይም ጥቁር ጭስ፣ ማንኳኳት፣ የሞተር ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ማለቱ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ሞተሩ ይቁም፤ «ዛሬን ይጨርስ» ማለት ትንሹን ብልሽት ትልቅ ያደርገዋል። ከኢንጀክተር የሚረጨውን ናፍጣ በእጅ መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ግፊቱ ቆዳን በስቶ በመግባት ለከባድ ጉዳት ይዳርጋል።

በዚያው ቀን ለሻጩ በስልክ ይነገር፤ ቀጥሎም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጽፎ ቅጂው በፋይል ይቀመጥ። የሻጩ ባለሙያ ሲመረምር ሁለት የኮሚቴ አባላት ይገኙ። «ጥፋቱ የናፍጣው ነው» ካለም ያየውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ማኅተሙ ካልተነካ፣ ማጣሪያው ውኃ ከሌለበት፣ በጠርሙስ የተቀመጠው ናሙናም ንጹሕ ከሆነ፣ ኮሚቴው ጥያቄውን የሚያቀርበው በማስረጃ ነው።

ሙዳየ ምጽዋት ኮሚቴው ሳይገኝና ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ እንደማይከፈት ሁሉ፣ በዋስትና ላይ ያለ ፖምፓም እንዲሁ አይከፈት። ሁለቱም የምእመናን ገንዘብ ናቸው።

እኛም ከእንግዲህ ሞተር ስናስረክብ የናፍጣ አያያዝ ሥልጠናና የመዝገብ ደብተር አብረን ለመስጠት ወስነናል። ሞተር ያላችሁ ሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የዋስትና ወረቀቱን አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን በቃለ ጉባኤ እንድታሰፍሩ፣ ወረቀቱ የጠፋባችሁም ካላችሁ ዋስትናው ሳያልፍ ቅጂውን ከሻጩ እንድትጠይቁ በአክብሮት እናሳስባለን።