ዕርዳታ ቢያልቅ ሕጉ እንዳይረሳ

መቀሌ፤ እህሉን ሸጦ ሻይ ቤት አረፍ የሚል ገበሬ ሲጋራ ባያጨስም የሌላው ጢስ ይጎዳዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሻይ ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ሲጋራ በፍሬ መሸጥም ሆነ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት መሸጥ ክልክል ነው።

ሕጉን ለማስፈጸም ሥልጠናና ቁጥጥር፣ ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አገሮች እንዲረዳዱ ይጠይቃል። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሉምበርግ የዕርዳታ ፕሮግራምም ለታዳጊ አገሮች የትምባሆ ቁጥጥር ገንዘብ ይለግሣል።

ይሁንና ማናቸውም ዕርዳታ የጊዜ ገደብ አለው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ግን የመሰብሰቢያ አዳራሻቸውን ከጢስ ለማጽዳትና ባለሱቁ ለልጆች ሲጋራ እንዳይሸጥ ለማስረዳት የውጭ ገንዘብ መጠበቅ አያሻቸውም።