ሁለት ሽጉጥ ያለው ሰው የትኛውን ይታጠቅ?

“ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላል የሀገራችን ብሂል። “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” የሚል ሌላ ብሂልም አለን። ሁለቱም እውነት ናቸው። ብልኅነቱ የትኛው የት ቦታ እንደሚሠራ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው። በአሜሪካ ሽጉጥ በልብሳቸው ሥር ይዘው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄም በእነዚህ ሁለት ብሂሎች መካከል የቆመ ነው። ከአንድ በላይ ሽጉጥ ያለው ሰው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እያቀያየረ ቢታጠቅ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?

ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ ቢመስልም ለብዙዎቻችን ቤት ቅርብ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በቴክሳስ ኑሯቸውን የመሠረቱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከእነሱም መካከል በሌሊት ታክሲ የሚያሽከረክሩ፣ ነዳጅ ማደያና ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ ጁን 23 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ ሰዎች ራሳቸውን ለመከላከል ሽጉጥ ይዘው ከቤት የመውጣት መብት እንዳላቸው አጽንቷል። ከግማሽ በላይ የኾኑት ግዛቶችም ሕጉ ያልከለከለው አዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዲታጠቅ ይፈቅዳሉ። መሣሪያ መግዛት ቀላል በኾነበት ሀገር ሁለትና ሦስት ሽጉጥ ያለው ሰው ብርቅ አይደለም።

የሚያቀያይሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። በክረምት ወፍራም ካፖርት ሥር የሚደበቅ ትልቅ ሽጉጥ በበጋ ስስ ሸሚዝ ሥር ጎልቶ ይታያል፤ ስለዚህ በሙቀት ወራት ትንሹን ይመርጣሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ይላሉ። ራሱን ለመከላከል የተኮሰ ሰው መሣሪያው በፖሊስ እጅ በማስረጃነት ሊቆይ ስለሚችልም ተጠባባቂ መኖሩ ይጠቅማል ይላሉ። ይኽ ሁሉ ሐሰት አይደለም።

ችግሩ ሽጉጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመኾኑ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ በአውራ ጣት የሚነካ የጥንቃቄ ቁልፍ አለው። ለመተኮስ ቁልፉ ወደ ታች ይጫናል። ጦሩ እ.ኤ.አ በ1985 በምትኩ የመረጠው የጣሊያኑ ቤሬታ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ የተቆለፈው የሚከፈተው ቁልፉን ወደ ላይ በመግፋት ነው። የኦስትሪያው ግሎክ በአውራ ጣት የሚነካ ቁልፍ የለውም፤ ቃታው እንደተሳበ ይተኩሳል። ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚጎርሰው ሪቮልቨርም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም፤ ነገር ግን ሳይወደር ሲተኮስ ቃታው ረጅምና ከባድ ስበት ይፈልጋል። ሰኞ አንዱን፣ ማክሰኞ ሌላውን የታጠቀ ሰው በጭንቅ ሰዓት እጁ የትኛውን ያስታውሳል?

ይኽን ዕርፍ ጨብጦ ያደገ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በቀኝ መጠመድ የለመደን በሬ በድንገት ወደ ግራ ቢያዞሩት ትልሙ ይጣመማል። በሬው ጉልበቱን አላጣም፤ የተዛባው ልማዱ ነው። የሰው እጅም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የደገመውን ሳያስብ ይሠራል። ሐሳብ በተረበሸ ጊዜ የሚቀረውም ይኸው ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊልያም ሂክ እ.ኤ.አ በ1952 ባሳተመው ጥናት የምርጫው ብዛት በጨመረ ቁጥር ሰው መልስ ለመስጠት የሚወስድበት ጊዜም እንደሚጨምር አሳይቷል። ራስን በመከላከል ጊዜ ደግሞ ለማመንታት የሚተርፍ ሰከንድ የለም።

የእጅ ስሕተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በሚኒሶታ ግዛት የደረሰው ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 11 ቀን 2021 በብሩክሊን ሴንተር ከተማ ኪም ፖተር የተባለች ነባር የፖሊስ መኮንን ቴዘር የተሰኘውን የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ የምትመዝ መስሏት ሽጉጧን መዘዘች። “ቴዘር” እያለች ጮኻ ቃታውን ሳበች፤ የ20 ዓመቱ ወጣት ዳውንቴ ራይትም ሕይወቱ አለፈ። ሽጉጡ በቀኝ፣ ቴዘሩ በግራ ጎኗ ነበር። መኮንኗ 26 ዓመት ያገለገለች ብትኾንም ከጥፋተኝነትና ከእስራት አልዳነችም። ጉዳዩ የሁለት ሽጉጦች አይደለም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት መሣሪያ የሚይዝ እጅ በጭንቅ ጊዜ ሊሳሳት እንደሚችል ያስተምራል።

ማቀያየር ሌላም አደጋ አለው። ሽጉጥ በተቀየረ ቁጥር አንዱ ጥይቱ ይወጣል፣ ሌላው ይጎርሳል። እያንዳንዱ ማጉረስና ማውጣት ደግሞ ሳይታሰብ የመተኮስ ዕድል የሚፈጠርበት ጊዜ ነው። ያው አንድ ጥይት በየቀኑ ሲጎርስና ሲወጣ እርሳሱ ወደ ቀልሃው ውስጥ ቀስ በቀስ ሊገፋ ይችላል። የውስጡ ቦታ ሲጠብ በተተኮሰ ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት ከመጠን በላይ ይኾናል። ካዝናና ጥይት ከማይገጥመው መሣሪያ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። አፎቱም ለሽጉጡ ልክ ካልኾነ ቃታው ላይ የሚነካ ነገር ሊገባበት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሕግ አለ። ግዛቶቹ አንድ ዓይነት ሕግ የላቸውም። በኒው ዮርክና በካሊፎርኒያ እያንዳንዱ ሽጉጥ በፈቃዱ ላይ ተለይቶ ይመዘገባል። ስለዚህ ያልተመዘገበውን ሁለተኛ ሽጉጥ ይዞ መውጣት ጥፋት ነው። በኒው ሜክሲኮ ፈቃዱ ባለቤቱ የተፈተነበትን የሽጉጥ ዓይነትና የጥይት መጠን ይለያል። በአንዱ ግዛት የተፈቀደው ድንበር ሲሻገር ወንጀል ሊኾን ይችላል። ለጉብኝት ወይም ለትምህርት በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ኹኔታዎች በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም እንዳይዝ የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ መሣሪያ መያዝ ቢችልም ዜጋ እስካልኾነ ድረስ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከሀገሪቱ ሊባረር ይችላል። ዘመድ ወዳጅ በአሜሪካ ያለው ሰው በስልክ ሊያስታውሰው የሚገባው ቁም ነገር ይኽ ነው፤ የዓመታት ድካም በአንድ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ሊበተን ይችላል።

ታዲያ ለጥያቄው መልሱ ምንድን ነው? አንድ ሽጉጥ መርጦ፣ በአንድ አፎት፣ በአንድ የሰውነት ቦታ ላይ መታጠቅና በዚያው ደጋግሞ መለማመድ የተሻለ ነው። ተጠባባቂ የሚያስፈልገው ሰው ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት የኾነውን ይያዝ። ለምሳሌ ግሎክ 19 እና ከእሱ የሚያንሰው ግሎክ 26 የቃታቸው አሠራር ተመሳሳይ ነው፤ የትልቁ ካዝናም በትንሹ ላይ ይሠራል። በወቅቶች ልዩነት መቀየር ግድ ከኾነ ደግሞ ለውጡ በየማለዳው ሳይኾን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይኹን። ከለውጡ በፊትም በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ቦታ እጅን ከአዲሱ ጋር ማላመድ ያስፈልጋል። ባላው ሁለት ይኹን፤ የሚወጣው ዛፍ ግን አንድ ነው።

ትምህርቱ ለእኛም ሀገር ይኾናል። በሀገራችን መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ሲኖር ነው፤ በአሜሪካ የተሰጠ ፈቃድም እዚህ አያገለግልም። በሕጋዊ መንገድ የታጠቀ አርሶ አደር ከአንድ ዓይነት መሣሪያ ወደ ሌላ ሲሸጋገር ግን ያው አደጋ ይጠብቀዋል። እንደ ምንሽር ያለውን፣ ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የሚያጎርሱትን ጠመንጃ የለመደ ሰው ክላሽ ቢይዝ በቀኝ ጎኑ ያለው ማንሻ ሦስት ቦታ እንዳለው ማወቅ አለበት። ላይኛው ቁልፍ ነው። አንድ ደረጃ ወደ ታች ሲወርድ የሚገኘው በተከታታይ የሚተኩሰው ነው፤ አንድ በአንድ የሚተኩሰው የመጨረሻው ታችኛው ነው። ይኽን ያላወቀ ሰው አንድ ጥይት ተኩሶ አውሬ ከማሳው አባርራለሁ ሲል ብዙ ጥይት ሊያፈስስ፣ ከማሳው ማዶ ያለውንም ሰው ሊጎዳ ይችላል።

አዲስ መሣሪያ ከመታጠቅ በፊት ጥይቱን አውጥቶ፣ ባዶ መኾኑን ደግሞ አረጋግጦ፣ አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ ከሚያውቅ ሰው መማር የማንንም ክብር አይነካም። በቤት ውስጥ ያለ መሣሪያም ከልጆች እጅ ርቆ፣ ተቆልፎበት ሊቀመጥ ይገባል።