ደም ማቅጠኛዎች፦ ከሄፓሪን እስከ አፒክሳባን

በእግር ደም መልስ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ከልብ ተነሥቶ አንጎል ውስጥ ሲሰነቀር ደግሞ ስትሮክ ያስከትላል። ደም ማቅጠኛ የሚባሉት መድኃኒቶች አዲስ ርጋት እንዳይፈጠር፣ ያለውም እንዳያድግ ይከላከላሉ፤ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው ራሱ ሰውነት ነው። ርጋትን በቀጥታ የሚያፈርሱት እንደ አልቴፕሌዝ ያሉት ናቸው። እነዚህ የማድማት አደጋቸው ከባድ ስለሆነ ለአጣዳፊ ሁኔታ ብቻ ይሰጣሉ፤ ለስትሮክ ምልክቱ በታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ።

ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት የሚዘጋጅ መርፌ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ወዲያው ይሠራል፣ ሲቋረጥ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል፣ ማርከሻም አለው፤ ፕሮታሚን ይባላል። ኢኖክሳፓሪን የተባለው ዝርያው ከቆዳ ሥር ስለሚወጋ ቤት ውስጥም መውሰድ ይቻላል።

የዋርፋሪን ታሪክ ከከብት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በዩናይትድ ስቴትስ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ፖል ሊንክ ቡድን ለዚህ ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ለየው። ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ዋለ። ጉበት በቫይታሚን ኬ የሚሠራቸውን ደም አርጊ ፕሮቲኖች ስለሚቀንስ ሙሉ ኃይሉ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ርጋት ያለበት ሰው ሄፓሪን አብሮ ይወስዳል። መጠኑ አይኤንአር በተባለ የደም ምርመራ ይስተካከላል። ለብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበልጥ ይፈሳል። ጎመን ቫይታሚን ኬ የበዛበት በመሆኑ በዐቢይ ጾም ሲዘወተር ውጤቱ ይወርዳል፤ በፋሲካ ጎመኑ በሥጋ ሲተካ መልሶ ሊያሻቅብ ይችላል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መጠኑን አለመለዋወጥ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የመጡት ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ይህን ሁሉ አቅልለዋል። መጠናቸው የተወሰነ ነው፣ የዘወትር የደም ምርመራ አይፈልጉም፣ አንጎል ውስጥ የማድማት አደጋቸውም ከዋርፋሪን ያነሰ ነው። ይሁንና ዋጋቸው ይወደዳል፤ ኃይላቸውም ቶሎ ስለሚያልቅ አንድ ቀን እንኳ መዝለል ያጋልጣል።

አዲስነታቸው ግን ለሁሉም የተሻሉ አያደርጋቸውም። ሜካኒካል የልብ ቫልቭ በተገጠመላቸው ሰዎች ላይ የተሞከረው ዳቢጋትራን ርጋትንም መድማትንም ስላበዛ ጥናቱ ተቋርጧል። በ2022 የወጣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ የተካሄደ ጥናትም ከቶንሲል ሕመም መዘዝ በሚመጣው የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ምታቸው በተዛባ ሰዎች ዘንድ ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከሪቫሮክሳባን በልጠው መገኘታቸውን አሳይቷል። ይህ ሕመም ብዙ ወጣቶችን በሚያጠቃባት ኢትዮጵያ ውጤቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ይሁንና በእርግዝና ጊዜ ዋርፋሪን የእንግዴ ልጅን አልፎ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ሄፓሪንና ኢኖክሳፓሪን ግን አያልፉም። ስለዚህ ቫልቭ የተገጠመላት ሴት መድኃኒቷን በራሷ ሳታቋርጥ፣ ከማርገዟ አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መመካከር ይኖርባታል።